በሩን መዝጋት ይቻላል፤ ሒሳቡስ?

«እኛ እኮ ከስረን አይደለም፤ በፈቃዳችን ነው የምንዘጋው» ይላሉ ባለቤቱ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው።

ጎሽ፣ ጋሼ! ያልከሰረ ሰው መክፈያ አያጣም። ወንበር ይሳቡና ሒሳቡን እናውራ።

ዛሬ መልስ የምሰጠው ድርጅት ሲዘጋ በየስብሰባው ለሚነገሩ ነገሮች ነው። ጉዳዩ ያንገበግበኛል። ሰው አሥር ዓመት ሙሉ የለፋበትን ቤት በአንድ ከሰዓት ስብሰባ ተሰናብቶ፣ የአንድ ወር ደመወዝና «ስላገለገሉን እናመሰግናለን» የሚል ወረቀት ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ። ወረቀቱን የሰጡት ሰዎች ያናድዱኛል። ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ግን ተቀባዩ የተሰጠውን እንደ ችሮታ ቆጥሮ፣ እጅ ነስቶ መውጣቱ ነው። ችሮታ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ያውም ከሌላው ዕዳ ፊት የሚቆም ዕዳ።

«ድርጅቱ የራሳችን ነው። ስንፈልግ ከፈትን፣ ስንፈልግ ዘጋን።»

መዝጋቱ መብትዎ ነው። ማንም ሰው ሳይወድ በግድ ነግድ አይባልም። የንግድ ሕጉም፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለአክሲዮኖች ተሰብስበው ማኅበራቸውን ማፍረስ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ያው ሕግ ግን ሒሳብ አጣሪ ይሾም፣ ንብረቱ ይቆጠር፣ ዕዳው ይከፈል፣ የተረፈው ለባለአክሲዮኖች ይከፋፈል ይላል። «የተረፈው» ነው ያለው፣ ጋሼ። እርስዎ ትራፊው ላይ ይቀርባሉ፤ እኛ መሶቡ ሲከፈት ነው የምንጠራው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 24 ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ፣ ድርጅት በመክሰርም ሆነ በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው ሲዘጋ የሥራ ውል ይቋረጣል ይላል። የእርስዎ «በቃኝ» በዚያ «በሌላ ምክንያት» ውስጥ ይገባል። ወረድ ብሎ አንቀጽ 39 አለ፤ በዚህ መንገድ ሥራው ለቆመበት ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ ይከፈለው የሚል። ሁለቱ አንቀጾች አብረው ነው የሚነበቡት። የመጀመሪያውን አንብበው ሁለተኛውን ካለፉ ሕጉን አላነበቡትም።

«እኛ እኮ ቤተሰብ ነን!»

ቤተሰብማ ንብረት ሲቆጠር ይጠራል። ቆጠራው ላይ ጥሩን።

«የአንድ ወር ደመወዝ ጨምረን እንሰጣችኋለን። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?»

አንቀጽ 40ን።

እስቲ ካልኩሌተሩን ያቀብሉን። አንዲት የስፌት ሠራተኛ በወር 9,000 ብር እየተከፈላት 12 ዓመት ሠርታለች እንበል። የቀን ደመወዟ 300 ብር ነው። ሕጉ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የመጨረሻውን ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 አባዙ ይላል፤ 9,000 ብር። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህን አንድ ሦስተኛ ጨምሩ ይላል፤ 3,000 ብር በ11 ዓመት ሲባዛ 33,000 ብር። ድምሩ 42,000 ብር። ይህ ክፍያ ከ12 ወር ደመወዝ እንዳይበልጥ ጣሪያ ተቀምጦለታል፤ የእሷ ጣሪያ 108,000 ብር ስለሆነ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ካልኩሌተሩን አትመልሱት! ብዙ ሠራተኛ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ብዙ የሰው ኃይል ክፍልም እዚህ ላይ ቢቆምለት ይወዳል። የአንቀጽ 40 ሦስተኛ ንዑስ አንቀጽ፣ ድርጅቱ ለዘለቄታው ስለተዘጋ ወይም ቅነሳ ስለተደረገ ለተሰናበተ ሰው፣ ከላይ በታሰበው ላይ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይጨመርለት ይላል። 300 በ60፣ 18,000 ብር። አሁን 60,000 ሞላ። ከመድረኩ የቀረበላት 9,000 ነበር። መሐል ላይ ያለው 51,000 ብር የእሷ የ12 ዓመት ላብ ነው፤ ሌላ ሥራ እስክታገኝ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት የምትከፍልበት። በዚህ ላይ ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል፤ የሠራችበት ደመወዝና የትርፍ ሰዓትም አለ። እነዚህ ደግሞ የስንብቱ አካል አይደሉም፤ ለየብቻ የሚቆጠሩ ናቸው። «ሁሉም ተደምሮ ነው» የሚል ካለ፣ ምኑ ከምኑ ጋር እንደተደመረ በየመስመሩ ጽፎ ያሳየን።

«እናንተ ኮንትራት ናችሁ፤ ስንብት የቋሚ ነው።»

አዋጁ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ነው ያለው። የሙከራ ጊዜ ቢረዝም 60 የሥራ ቀን ነው። እኛ አራተኛ ዓመታችንን ይዘናል።

«ዓመት ያልሞላችሁስ?»

በሠራነው ጊዜ ልክ ይታሰብልናል።

«ጡረታ እየተቆረጠላችሁ ደግሞ የምን ስንብት ነው?»

ጡረታውም የእኛ፣ ስንብቱም የእኛ። ድርጅት ሲዘጋ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። ደግሞ ጡረታን እርስዎ ካነሱት ዘንድ እኛም እንጠይቅ፤ ገብቷል ወይ? የ9,000 ብር ደመወዝተኛዋ ፔሮል ላይ በየወሩ 630 ብር ተቀንሷል፤ 7 በመቶ። ድርጅቱ ከራሱ 11 በመቶ፣ 990 ብር፣ ጨምሮበት 1,620 ብር በስሟ ማስገባት ነበረበት። ወረቀቱ ላይ የተቀነሰ ገንዘብ ሁሉ ገቢ ሆኗል ማለት አይደለም። እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ሂዱና በስማችሁ የገባውን አጣሩ። ሒሳብ አጣሪው ሥራውን ጨርሶ ሳይሄድ፣ አሁን። ከዓመታት በኋላ ጡረታ ስትወጡ የጎደለ ዓመት ብታገኙ፣ የምትጠይቁት ድርጅት ደብዛው የለም።

አሁን ወደ ክፉዋ ወረቀት እንምጣ።

«ነገሩ እንዲቀለን ሁላችሁም በፈቃዳችሁ እንደለቀቃችሁ አድርጋችሁ ፈርሙልን፤ የሥራ ልምዳችሁንም አሳምረን እንጽፍላችኋለን።»

ይህቺን ወረቀት አይቻታለሁ። በኮምፒውተር ተጽፋ ተባዝታለች። ስም የሚሞላበት ቦታ በነጥብ ተትቷል፤ ቀኑ ባዶ ነው። «በግል ጉዳይ ምክንያት ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ የለቀቅሁ መሆኔን እየገለጽኩ፣ ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ዓይነት ክፍያ እንደሌለኝ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ትላለች። ከወረቀቷ ጎን ክዳኑ የተከፈተ እስክሪብቶ ይቀመጣል። ኃላፊዋ ቆማ ትጠብቃለች፤ ከኋላ ሰልፉ ረዝሟል፤ ሰዓት ሄዷል፤ ሰርቪሱ ግቢው በር ላይ ሞተሩን አስነስቷል።

እህቴ፣ እስቲ ልጠይቅሽ። የአርባ ሰው የግል ጉዳይ እንዴት በአንድ ቀን ተገጣጠመ? አርባውም እንዴት በአንድ ቃል ጻፈው? የሚዘጋው ድርጅቱ፣ የለቀቅሁት እኔ? የሥራ ልምድ ወረቀት ደግሞ ውለታ አድርገሽ አታቅርቢልኝ። ሠራተኛ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ወረቀት ያለክፍያ እንዲሰጠው አዋጁ አሠሪውን ግዴታ ውስጥ አስገብቶታል። ያለመፈረም ዋጋው ለአንቺ አንድ ከሰዓት ነው። የመፈረም ዋጋው ለእኔ ይኸውልሽ፦ በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው 5 ዓመት ካልሞላው ስንብት ራሱ ይቀርበታል፤ 5 ዓመት የሞላውም ያቺን የ60 ቀን ጭማሪ ያጣታል። ነጥብ በነጥብ የሆነችው ወረቀትሽ 18,000 ብር ታወጣለች። ክዳኑን ግጠሚውና እስክሪብቶሽን ያዢ።

ይህን መልስ ቆሞ ለመስጠት ድፍረት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ሰው ተደናግጧል፤ ነገ ምን እንደሚበላ ያስባል፤ «ይህንንም እንዳላጣ» ይላል። ለዚህ ነው ከስብሰባው በፊት መነጋገር ያለባችሁ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ በማኅበሩ፣ ከሌለ ሁለት ሦስት ሰው መርጣችሁ። ፈርሙ ስትባሉ «አንብበን ነገ እንመልሳለን» በሉ፤ በዚህች መልስ የተባረረ ሰው ቢኖር እንኳ፣ ከተዘጋ ድርጅት ነው የተባረረው።

«ካልተስማማችሁ ምንም አታገኙም!»

ይህ ማስፈራሪያ ሕግ የለውም። በመጠኑ ካልተስማማን፣ ያልተካካድንበትን ክፍል በጊዜው መክፈል ግዴታዎ ነው፤ አንቀጽ 37። እርስዎ 42,000 ካመኑ 42,000ውን ይክፈሉ፤ በ18,000ው እንከራከራለን። ጊዜውም ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ 7 የሥራ ቀን ነው፤ አንቀጽ 36።

ይቺ አንቀጽ 36 ግን ለእኛም ሥራ አላት። «የድርጅቱን ላፕቶፕ ይዤ እወጣለሁ፤ ሲከፍሉኝ እመልሳለሁ» የምትለው ወንድሜ፣ ስማኝማ። ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ሳይመልስ ከዘገየ መክፈያው ጊዜም አብሮ ይራዘማል። ምክንያት ለሚፈልጉ ሰዎች ምክንያቱን በእጅህ አትስጣቸው። ቁልፉን፣ ባጁን፣ ዩኒፎርሙን፣ ላፕቶፑን አስረክብና በክሊራንሱ ላይ አስፈርም፤ ፎቶ ኮፒውን ያዝ። ንብረት ይዞ መቆየት የተፈቀደው ቤቱ ወስዶ ለሚሠራው ሠራተኛ ነው። ለድርጅቱ ቤቷ ሆና ሸሚዝ የምትሰፋ እናት፣ ድርጅቱ ሲፈርስ ሠርታ ያላስረከበችውን ሸሚዝ፣ ዋጋው ከሚገባት ክፍያ ጋር እኩል እስከሆነ ድረስ፣ መያዝ ትችላለች። ሕግ አውጪዎቹ እሷን አስበው መጻፋቸው ደስ ይለኛል፤ እሷ ግን ይህን መስማቷን እጠራጠራለሁ። የምታውቋት ካላችሁ ዛሬውኑ ንገሯት።

«ገንዘቡ እስኪገኝ ታገሱን።»

እኛ እንታገሣለን፤ አከራይ አይታገሥም። በ7 የሥራ ቀን ያልከፈለ አሠሪ ላይ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነ ምክንያት ከሌለው፣ ለዘገየበት ጊዜ እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊወሰንበት ይችላል፤ አንቀጽ 38። እኔ ይህ ጣሪያ ዝቅ ብሏል ባይ ነኝ። ሦስት ወር ያዘገየም ሁለት ዓመት ያዘገየም ቅጣቱ ያው ከሆነ፣ ከአራተኛው ወር ጀምሮ ማዘግየት ለባለቤቱ ትርፍ ነው። ብሩ በሠራተኛው እጅ ሳይሆን በእሱ ሒሳብ ውስጥ ይውላል፤ ገበያ ላይ ደግሞ የአምናው 60,000 ብር ዘንድሮ ያንኑ አይገዛም። አዋጁ ሲሻሻል ከማንም በፊት ይቺ መስመር ብትነሳ እወዳለሁ።

«አቅራቢዎች አሉብን፤ ግብር አለብን፤ እናንተ ወረፋችሁን ጠብቁ።»

ወረፋውንማ ጠብቀናል፤ ፊት ነው ያለነው። ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ የሠራተኛ የክፍያ ጥያቄ ከሌሎች ክፍያዎችና ዕዳዎች ቅድሚያ እንዳለው አዋጁ በግልጽ ጽፎታል። ድርጅት ሲፈርስም፣ የማጣራቱን ሥራ እንዲያከናውን ሥልጣን የተሰጠው ሰው፣ የሚመለከተው አካል ከወሰነበት ቀን አንስቶ በ30 ቀን ውስጥ የሠራተኞቹን ክፍያ የመፈጸም ግዴታ አለበት። ንብረት ጠፍቶ በጊዜው ካልተከፈለ፣ ገንዘብ እንደተገኘ ወዲያው ይከፈላል።

ንብረት ጠፍቶ! አደጋው ያለው እዚህ ነው። ቅድሚያ የሚጠቅመው የሚቀደምበት ነገር ሲኖር ነው። ከስብሰባው በፊት ባለው ሳምንት ማሽን የጫነ አይሱዙ በሌሊት ከግቢው ሲወጣ ያየ የጥበቃ ሠራተኛ ካለ፣ ያየውን ቀኑንና የታርጋ ቁጥሩን ጨምሮ ይጻፈው። ማሽኑ፣ መኪናው፣ ጥሬ ዕቃው፣ ደንበኛ ያልከፈለው ሒሳብ፣ ሁሉም የእናንተ ክፍያ የሚወጣበት ነው። ለሒሳብ አጣሪው የሚገባችሁን በጽሑፍ አስገቡ፤ ገቢ ክፍል ማኅተምና ቁጥር ያሳረፈበትን ቅጂ ያዙ። ንብረት እየሸሸ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካላችሁ ፍርድ ቤቱ እግድ እንዲሰጥ ጠይቁ። ሁሉም ነገር ተሸጦ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ፍርድ ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንደሆነ እንጂ ልጅ አያበላም።

«ድርጅቱ እኮ ፈርሷል። ማንን ልትከሱ ነው?»

ያልተቀበረ ሰው ለቅሶ አይወጣለትም፣ ጋሼ። ማኅበር ሒሳቡ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ ሕጋዊ ሰውነቱ አለ፤ ይከስሳል፣ ይከሰሳል። ማኅበሩን ሒሳብ አጣሪው ይወክለዋልና እሱ ይጠራልናል። ማኅበር ሳይሆን በስምዎ ያወጡት የንግድ ፈቃድ ከሆነ ደግሞ የምንጠራው እርስዎን ነው።

«ዘግተን አይደለም፤ ሸጠነዋል። አዲሱ ባለቤት ከፈለገ ይቀጥራችኋል።»

ታዲያ ማን አቋረጠውና ነው እንደገና የሚቀጥረን? የድርጅት ባለቤትነት ቢተላለፍ፣ ድርጅት ከሌላ ቢቀላቀል ወይም ቢከፋፈል የሥራ ውል አይቋረጥም፤ አንቀጽ 23። የ12 ዓመቷ ሠራተኛ አዲሱ ባለቤት ዘንድ 12 ዓመቷን ይዛ ነው የምትገባው። በዚያው ግቢ፣ በዚያው ማሽን፣ ለዚያው ደንበኛ፣ በሌላ ስም ሥራው ከቀጠለ «ለዘለቄታው ተዘጋ» ማለት አይቻልም። በሩ ላይ የተለወጠችውን ታፔላ ፎቶ አንሱ፤ አሮጌዋንም ካላችሁ አብራችሁ አቅርቡ።

ሌላም መንገድ አለ፤ ቀስ በቀስ የሚኬድበት። ዛሬ 15 ሰው፣ የሚመጣው ወር 20፣ ከዚያ ስብሰባ። የመጀመሪያዎቹ ሲወጡ ድርጅቱ ክፍት ነው። ያ ቅነሳ ነው፤ ቅነሳ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው፦ ከማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር ምክክር፣ ማን ይቀድማል ለሚለው ቅደም ተከተል፣ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ። ነፍሰ ጡሮች፣ አካል ጉዳተኞችና በሥራ ላይ የተጎዱ ሠራተኞች መጨረሻ ላይ ነው የሚነኩት። በመጀመሪያው ዙር የወጣችሁ፣ «እኛማ ቀድመን ስለወጣን አይመለከተንም» አትበሉ። የ60 ቀኑ ጭማሪ ለእናንተም ነው።

መዝጋት የሰፈር ሱቅ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ የአሜሪካን ገበያ ከቀረጥ ነፃ ከሚከፍተው ከአጎዋ ተጠቃሚነት ወጣች። በየፓርኩ የሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው የመጀመሪያ ደመወዛቸውን እዚያ የያዙ። እነዚህ ልጆች የመስፊያ ማሽን ከመንካታቸው በፊት ሥልጠና ይሰጣቸዋል። በዚያው ሥልጠና ላይ ስለ አንቀጽ 39ና 40 አንድ ሰዓት ቢጨመር ማን ይጎዳል?

አሁን የምሰጠው መልስ ለአሠሪ አይደለም። ለአንተ ነው፣ «ባለቤቱ ጥሩ ሰው ነው፤ ከፋሲካ በኋላ እከፍልሃለሁ ብሎኛል» ለምትለው።

ጥሩ ሰው ከሆነ በጽሑፍ ይስጥህ። ውል በመቋረጡ ምክንያት የሚጠየቅ ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይታገዳል። 12 ዓመት የሠራህበት በ6 ወር ዝምታ ይጠፋል። አሠሪው የሚፈለግበትን ማመኑን በጽሑፍ ከሰጠህ ይርጋው ይቋረጣል፤ በቡና ላይ የተሰጠ ቃል ግን አያቋርጠውም። ክሱ ደግሞ የዳኝነት ገንዘብ አይጠየቅበትም። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስ በቀረበለት በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዘዋል። ሁልጊዜ በ60 ቀን ያልቃል አልልህም፤ ባልተከፈተ መዝገብ ግን በ60 ዓመትም አይወሰንም። ፋሲካን በቤትህ በደስታ አክብር፤ ከዚያ በፊት መዝገቡን አስከፍት።

«ኧረ በሽማግሌ ይለቅ! ለእግዚአብሔር ብላችሁ ተዉት» ብለው አባቶችን የላኩ ጋሼም አሉ።

አባቶቼ፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ፤ እግራችሁን እናከብራለን፤ ተቀመጡ። እርቅ አንጠላም። ሰባተኛው የሥራ ቀን ሐሙስ ነው። ከጋሼ ጋር አብራችሁ ኑ፤ ቼኩ ሲፈረም ምስክር ያስፈልገናል።